ለኳስ የተመዘገበ ተማሪ

አዲስ ሕግ ወጣ ሲባል ሁላችንም መጀመሪያ የምናስበው ስለ ጎረቤታችን ነው። «ጎሽ! እንግዲህ ያ ሰውዬ አለቀለት» እንላለን። ስለ ራሳችን የምናስበው ቆይቶ ነው፤ ያውም «እንዴት ላክብረው?» ብለን ሳይሆን «በየት በኩል ይታለፋል?» ብለን። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። ሐሜት ነው ካላችሁም አብረን የምንታማበት ስለሆነ ኃጢአቱ ለሁላችን ይከፋፈላል። እኛ ሰፈር፣ የካ ሚካኤል አቀበት ላይ፣ «መኪና ማቆም ክልክል ነው» የሚል ምልክት የተተከለ ጊዜ ያላጨበጨበ አልነበረም። በማግስቱ አንዱ ጎረቤቴ መኪናውን አምጥቶ ልክ ምልክቱ ሥር አቆማት። ምነው ብዬ ብጠይቀው «እዚህ ማንም ስለማያቆም ቦታ አይጠፋም» አለኝ።

ሕግ የጠቀመው ሰው ካየሁ እሱ ነው።

ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በጥቅምት ነፋሱ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ይነሳና በየካ በኩል ቁልቁል እየወረደ ያገኘውን ሁሉ ያንቀሳቅሳል፤ አቧራውን፣ የላላ ቆርቆሮውን፣ የሰውንም ልብ። አባቶቻችን «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ለብርዱ ነው። የኮሌጅ ዲኖች ግን በጥቅምት የሚፈልጉት አጥንት ሌላ ነው፤ ረጅም አጥንት። የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር የሚከፈተው በጥቅምት ነዋ!

እኔ ከኮተቤ አልፎ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ሎጂክ አስተምራለሁ። ሎጂክ ማለት ሰው የተሳሳተ ነገር ሲናገር በየት በኩል እንደሳተ የሚታወቅበት ትምህርት ነው። ለተማሪ ይጠቅማል፤ ለባለትዳር ግን አይመከርም። ከኳስ ጋር የነበረኝ ዝምድና በመስኮት ብቻ ነበር። የኮሌጃችን ሜዳ ከክፍሌ ሥር ነው፤ ወደ ካራ በኩል ትንሽ ያዘነብላል፤ ኳሷን መሬት ላይ ካስቀመጧት የምትሄድበትን ራሷ ታውቀዋለች።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ዓመት ውድድሩ ላይ አንድ ጋዜጠኛ አንዱን ኮከብ ተጫዋች «ምን ትማራለህ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ትንሽ አሰበና «ጠዋት ጠዋት ነው» አለ። ይቺ መልስ በየስልኩ ስትዞር ሰነበተች። እሷ ስትዞር ሌላውም ጉድ ተከትሎ ወጣ፤ በመጀመሪያው ዙር ለአንድ ኮሌጅ፣ በመጨረሻው ዙር ለሌላ ኮሌጅ የተሰለፈ ተገኘ፤ እሱስ ማሊያውን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ነው የቀየረው። ዘንድሮ እንግዲህ ኮሚቴ ተቋቋመ። «ተማሪ ያልሆነ አይጫወትም» ተባለ። ሕጉ ድሮም ነበር፤ አዲሱ ነገር ሊሠራበት መታሰቡ ነው።

የዚያን ሰሞን የኮሌጃችን ዲን ዶክተር አያልነህ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«መምህር፣ የቅርጫት ኳስ ቡድን መሪ ሆነሃል» አሉኝ።

«እኔ? ዶክተር፣ እኔ እኮ ኳስ ነክቼ አላውቅም።»

«የምትመራው ኳስ አይደለም፤ ሰው ነው» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሚኪያስ የሚባል ልጅ አለ፤ የአንደኛ ዓመት። ያንተ ተማሪ ነው።»

«አላውቀውም።»

«እሱም አያውቅህም። ግን ያንተ ተማሪ ነው። ኮሚቴው ሲጠይቅህ ይህንኑ ትመሰክራለህ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መቀመጥ የሚባል ነገር አቃተኝ። ቤት ገብቼ ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ደጅ ስመላለስ ባለቤቴ «ምን ሆነሃል፤ ጉንዳን ላይ ነው እንዴ የቆምከው?» አለች። እሺ ብዬ ልመስክር? የማስተምረው እኮ እውነትና ሐሰትን መለየት ነው። እምቢ ልበል? ዲኑ ሰው አይበድሉም፤ ግን ይረሳሉ። ኮንትራት ማደሻው ወር ሲደርስ መረሳት ደግሞ ከመበደል አይተናነስም። ሻይ ቀረበልኝ፤ ቀዘቀዘ። ሌላ ቀረበልኝ፤ እሱም ቀዘቀዘ። ጠዋት ስነሳ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ምስክርነቱን እውነት ማድረግ ካልተቻለ እውነቱን ወደ ምስክርነቱ ማምጣት ይቻል ይሆን?

«ዶክተር፣ እመሰክራለሁ» አልኳቸው። «ግን ልጁ ክፍል ይግባ።»

«የት ክፍል?»

«የሚማርበት። እኔ ጋ።»

ዶክተር አያልነህ ጥያቄው እንግዳ ሆነባቸው። ኮሌጅ ለሚመሩ ሰው ትንሽ የበዛ ድንጋጤ ነበር። «ልምምዱን አይነካበትም?» አሉ በመጨረሻ።

ሚኪያስ የመጣ ዕለት ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየው። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ የኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቶቹ ከጠረጴዛው በላይ ቀሩ። ከሌሎቹ ተማሪዎች በዕድሜ በጣም ይበልጣል፤ ሠላሳን በሩቁ እያየ ነው። ድሬዳዋ ነው ያደገው። ድሬ ያደገ ሰው ደግሞ «እርስዎ» የሚባለውን ቃል አይደክምበትም፤ ለእኔም፣ ለዲኑም፣ ለዳኛውም «አንተ» ነው። ንቀት እንዳይመስላችሁ። እኛ ሸገሮች «እርስዎ» እያልን የምንሸፍነውን ንቀት ያህል እንኳ የለበትም።

መጀመሪያ ላይ ተኛ። አላስቀየመኝም፤ ሎጂክ ሲጀመር ብዙ ሰው ይተኛል። አንድ ቀን ግን ሰሌዳው ላይ ምሳሌ ጻፍኩ። «ረጃጅም ሰዎች ሁሉ ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። ሚኪያስ ረጅም ነው። ስለዚህ ሚኪያስ ኳስ ተጫዋች ነው።» ክፍሉ ሳቀ። ስሙን ሲሰማ ነቃና ሰሌዳውን አተኩሮ አየው።

«አቦ ቲቸር፣ የመጀመሪያው ውሸት ነው» አለ። «አጎቴ ከእኔ ይረዝማል። ዳቦ ጋጋሪ ነው።»

«መደምደሚያውስ? ውሸት ነው?»

ሰሌዳውን መልሶ አነበበ። «አይ፤ እኔ እጫወታለሁ። የደረስክበት እውነት ነው። የሄድክበት መንገድ ነው ውሸት።»

ይህችን ነገር ለማስረዳት እኔ በየዓመቱ ምን ያህል ጠመኔ እንደምጨርስ ብታውቁ! ከዚያ ቀን በኋላ አልተኛም። ከኋላ ወንበር ወደ መካከል፣ ከመካከል ወደ ፊት መጣ፤ ፊት ሲቀመጥ የኋላው ሰው ሰሌዳ አይታየኝም ብሎ ስላመለከተ ወደ ግድግዳው ጥግ አዛወርኩት። ጥያቄው መከራ ሆነብኝ። ኮሪደር ላይ ይዞኝ ይቆማል፤ ታክሲ ተራ ድረስ ይሸኘኛል፤ እኔ ቀና ብዬ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ስንከራከር ላየን ሰው የምንጣላ እንመስል ነበር።

ቡድኑ ጠዋት ጠዋት ከየካ ሚካኤል ተነስቶ ወደ እንጦጦ ጫካ ሽቅብ ይሮጣል። ቡድን መሪ ነህ ስለተባልኩ እኔም እከተላለሁ፤ እነሱ ይሮጣሉ፣ እኔ ከኋላ ፊሽካ ይዤ አለከልካለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን ባሕር ዛፉ ውስጥ ሚኪያስ ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘሁት። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀኝ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዟል።

«ምነው?»

«ለኮች እንዳትነግረው» አለ። ኮች የሚለው አሰልጣኛችንን ግርማን ነው። «ሲሞቅ ይተወኛል። ሲበርድ ነው የሚያስታውሰኝ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሳልጠይቀው ጀመረ። ኮሌጅ ለኮሌጅ ሲዞር እንደኖረ፣ አንዱ ጋ ነርሲንግ፣ አንዱ ጋ አካውንቲንግ፣ አንዱ ጋ ቱሪዝም «እንደተማረ» ነገረኝ። «ነርስ ነበርኩ፤ መርፌ አይቼ አላውቅም» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀበት። «አንዱ ኮሌጅ ውስጥ ከእኔ በፊት አምበል የነበረ ልጅ አለ። እንደሱ የሚዘል አልነበረም። ባለፈው አንድ ሕንፃ ልገባ ስል በሩ ላይ ቆሞ ቦርሳዬን ፈተሸኝ። ሥራ ነው፤ አልናቅኩትም። ግን ለሥራው የመረጡት ለቁመቱ ነው፤ ራሱ ነው የነገረኝ። አቦ ቲቸር፣ እኔንም እስከ ዛሬ ሰው የፈለገኝ ለቁመቴ ብቻ ነው። አንተ ክፍል ውስጥ ስትጠይቀኝ ግን የምትፈልገው ሌላ ነገር ነበር።»

ፊሽካዬን ነፋሁ። ሌላ የምሠራው ነገር ጠፍቶኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ጭንቀቴ አልቀነሰም፤ ዓይነቱን ቀየረ። ቀድሞ የምጨነቀው ለራሴ ነበር። አሁን ለእሱ ሆነ። በነፃ የሚማረው እስከተጫወተ ድረስ ነው። ኮሚቴው ካገደው ኮሌጁም ያሰናብተዋል።

ኮሚቴው ቡድኖቹን ሁሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ በቀለ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር፣ ነጭ ፀጉር፣ የተረጋጋ ድምፅ። ገና «አስተያየት ያለው» ሲሉ የጎረቤታችን ኮሌጅ አሰልጣኝ ብድግ አለና ጣቱን ወደ ሚኪያስ ቀሰረ።

«ይሄ ሰው ተማሪ አይደለም! እኔ ራሴ አውቃለሁ!»

«በምን አወቁ?» አሉ አቶ በቀለ።

«እንዴት አላውቅም? ባለፈው ዓመት እኛ ጋ ተማሪ ያልነበረው እኮ እሱ ነው!»

አዳራሹ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ሳቁ ከኋላ ወንበር ተነስቶ እስከ መድረኩ ሲደርስ አሰልጣኙ ገና ጣቱን ቀስሮ ቆሞ ነበር፤ አፉ ያመለጠችውን ነገር ጆሮው የሰማት ከሁላችንም በኋላ ነው። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

አቶ በቀለ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ። «የሎጂክ መምህሩ እርስዎ ነዎት? ይህ ልጅ ተማሪዎ ነው?»

ተነሳሁ። «ተማሪዬ ነው» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ፤ እውነት ነበራ!

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት ሚኪያስን።

ሚኪያስ ሲቆም ከፊቱ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን አቀኑ። ኮች ግርማ ከጎኔ ሆኖ «ዝም በል፣ ዝም በል» እያለ በከንፈሩ ይጸልያል። ሚኪያስ ግን ዝም አላለም።

«ባለፈው ዓመት እነሱ ጋ ተጫውቻለሁ። ተማሪ ነበርክ ወይ ካልከኝ አልነበርኩም። ለምን ይጫወታል ሲባል ተማሪ ስለሆነ ይሉ ነበር። ተማሪ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ ሲባል ይኸው ይጫወታል ይሉ ነበር። ይህ ክብ ነው፤ ሲዞር ይውላል እንጂ የትም አያደርስም። ዘንድሮ ግን እማራለሁ። ጥያቄ ካለህ ጠይቀኝ።»

አቶ በቀለ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «እኔስ ጥያቄ የለኝም» አሉ። ከዚያ አዳራሹን ቃኙና «እንደዚህ ያለ ሰው አምጥቶ የማያውቅ ኮሌጅ እስኪ እጁን ያውጣ» አሉ።

አንድም እጅ አልወጣም። የጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ በጥቅምት ነፋስ ተንኳኳ።

ውሳኔው እንደ ሽማግሌ ውሳኔ ነበር። ያለፈው ይቅር፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን እያንዳንዱ ዲን «ተጫዋቾቼ ሁሉ ለመማር የገቡ፣ ክፍል የሚገቡ ተማሪዎች ናቸው» ብሎ ይፈርም፤ ለኳስ ብቻ የተመዘገበ ሰው ከተገኘ ቡድኑ እንዳለ ይሰናበታል። ዲኖቹ ሁሉ ፈረሙ። የእኛው የዶክተር አያልነህ ፊርማ ደግሞ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ፣ የሚያምር ፊርማ ነበር።

አረፍኩ ብዬ ነበር። የት አባቴ!

የመክፈቻው ጨዋታ ቅዳሜ ጠዋት በእኛው ሜዳ ሆነ። የአንደኛ ዓመት የሎጂክ ሚድ ፈተናም ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ሁለቱን ያወጡት ሁለት ቢሮዎች ናቸው፤ ሁለት ቢሮዎች ደግሞ ኮሪደር ካላገናኛቸው በስተቀር አይገናኙም። ሌሎቹ ተጫዋቾቻችን ከፍ ያለ ዓመት ላይ ያሉ እውነተኛ ተማሪዎች ስለሆኑ ፈተና አልነበራቸውም፤ ቁመትም አልነበራቸውም። ሚኪያስ ምን እንደሚያደርግ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ወረቀቱን ሳድል ግን ጥጉ ላይ ተቀምጦ አየሁት፤ ማሊያውን ከሹራቡ ሥር ለብሶታል።

ገና ፈተናው ሳይጋመስ በሩ በኃይል ተንኳኳ። ኮች ግርማ ነው፤ ቱታው ላብ በላብ ሆኗል።

«ልጁን አውጣልኝ!»

«እየተፈተነ ነው።»

«ጨዋታው ሊጀመር ነው እኮ! ቡድን መሪው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እዚህ ክፍል ውስጥ ፈታኝ ነኝ።»

«ውጭስ?»

«ውጭ ስወጣ ቡድን መሪ እሆናለሁ።»

«እንግዲያው ውጣ!»

አልወጣሁም፤ ግን ወደ ሚኪያስ ሄድኩ። ከታች ኳስ ሲነጥር ይሰማል፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። የእሱም እግር ከጠረጴዛው ሥር ከኳሱ ጋር እኩል ይመታል። እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠ። ጆሮው አጠገብ ጎንበስ ብዬ፣ ልክ እሱ ለእኔ እንደሚያደርገው፣ «ካልተጫወትክ ምን ሊመጣ እንደሚችል ታውቃለህ። ከፈለግህ ሂድ፤ የማካካሻ ፈተና እንዲሰጥህ እለምንልሃለሁ። ቃል ግን አልገባም» አልኩት።

ወደ መስኮቱ አየ። «ያኛውን እችለዋለሁ» አለ። «ይሄን እንደምችለው ግን ገና አላወቅኩም። ልጨርሰው።»

ኮች ግርማ በሩ ላይ ሆኖ ሰማው። የሚሳደብ መስሎኝ ነበር። አልተሳደበም፤ እንደ ደከመው ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ትንሽ ቆየና ደረጃውን ወረደ። ከዚያ በኋላ ከታች የሚመጣው ጩኸት ሁሉ የእንግዶቹ ነበር። በየጩኸቱ ሚኪያስ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ ይጽፋል።

ጨርሶ ሲወርድ ጨዋታው ወደ ማለቂያው ደርሷል፤ ልዩነቱ የሚነገር አልነበረም። ሹራቡን አውልቆ ወደ ኮች ሮጠ፤ «አስገባኝ» አለው። ኮች ግርማ ከላይ እስከ ታች አየውና «ተማሪ ነህ አይደል? ከተማሪዎቹ ጋር ቁጭ ብለህ አጨብጭብ» አለው። ሄዶ ተቀመጠ። አጨበጨበም፤ እጁ ትልቅ ስለሆነ ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር።

ሰኞ ዶክተር አያልነህ ዘንድ ተጠራሁ። ቆመው ነበር የጠበቁኝ።

«ተጫዋች አምጡ ስላችሁ ተማሪ አመጣችሁብኝ!» አሉ። «ነፃ ትምህርቱ ዛሬውኑ ይቋረጣል።»

ሎጂክ ያስተማርኩት ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው? «ምክንያቱ ምን ተብሎ ይጻፍ ዶክተር?»

«ስላልተጫወተ ነዋ!»

«እንግዲያው የተመዘገበው ለመጫወት ነበር ማለት ነው።»

«እና ለምን መሰለህ?»

«ኮሚቴው ፊት የፈረሙት ግን...»

ንግግሬን አልጨረስኩም። ዲኑ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ልጁን ካባረሩት የፈረሙት ሐሰት ይሆናል፤ ቡድኑም ይሰናበታል። ካላባረሩት ደግሞ ምንም የማይጠቅማቸው ሰው በነፃ ሊማር ነው።

«እና ምን ይሁን ነው የምትለው?» አሉ።

«ይማራ።»

«ዝም ብሎ?»

«ዝም ብሎ።»

«ያለ ምንም ምክንያት?» አሉ ዶክተር አያልነህ። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ፤ ኮሌጅ ውስጥ ሰው ያለ ምንም ምክንያት ሲማር አይተው የማያውቁ ይመስሉ ነበር።

ውድድሩን መጨረሻ ሆነን ጨረስን። ፈተና በሌለበትና ጉልበቱ እሺ ባለው ቀን ሚኪያስ ይሰለፋል፤ የቀረውን ጊዜ ለአጫጭሮቹ ልጆቻችን አወራወር ያሳያል። ከኮች ግርማ ጋር ታርቀዋል፤ ኮች አሁን ልምምድ የሚቀጥረው የፈተና ሰሌዳ አይቶ ነው። ተጫዋቾቹ በሙሉ ተማሪ የሆኑለት ቡድን የእኛ ብቻ ነው ብዬ ብጠረጥር ሐሜተኛ አትበሉኝ። ይህን በማስታወቂያችን ላይ እንጻፈው ብዬ ዲኑን ብጠይቅ «ተው እባክህ፣ መሸነፋችንን ሰው ይሰማል» አሉኝ።

የሴሚስተሩ የሎጂክ ውጤት በተለጠፈ ማግስት ሚኪያስ ታክሲ ተራ ድረስ ሸኘኝ። አልፏል፤ ያውም በደህና ውጤት። ፊቱ በርቷል።

«በሚቀጥለው ሴሚስተር የሎጂክ ሁለተኛው ክፍል አለ አይደል?» አለኝ።

«የለም። ሎጂክ አንድ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ሒሳብ።»

እርምጃውን አቆመ። «ሒሳብ?»

«ሒሳብ።»

ወደ ሰማይ አየ፤ እሱ ከእኔ ይልቅ ለሰማይ ቅርብ ነው። ከዚያ «አቦ... ኮች ነገ ልምምድ ስንት ሰዓት ነው ያለው?» አለኝ።

እንዲህ አለ እንጂ አልቀረም። ሒሳቡን ተመዝግቧል፤ በሁለት እግሩ ሄዶ። ይኸው እንደማንኛውም ተማሪ እያማረረ ይማራል።